ለባህር ትል ሰርቬይ የገዛሁት ማይክሮስኮፕ፣ ዓይኑ ጎበዝ ነው ብሎኑ ግን ዛገ

ሳጥኑን የከፈትኩ ቀን ሪቪው ብጽፍ ኖሮ አምስት ኮከብ ነበር የምሰጠው። አሁን ግን ሞቃታማ ደሴቶች ዙሪያ ፖሊኪት የሚባሉትን ጸጉራም የባህር ትሎች ስንለቅም ከርመንበት ስለተመለስኩ ልቤ ትንሽ ቀዝቅዟል።

እቃው ከ7 እስከ 45 እጥፍ የሚያጎላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ (በሁለት ዓይን የሚታይበት) ነው፣ በባትሪ ይሰራል፣ ከላይም ከታችም ኤልኢዲ መብራት አለው። ስራችን እንዲህ ነው፣ ጠላቂው የሞተ ኮራል ስብርባሪ በከረጢት ያመጣል፣ ባልዲ ውስጥ በባህር ውሃ ዘፍዝፈን እንተወዋለን፣ ኦክስጅን ሲያጥራቸው ትሎቹ ራሳቸው ከየቀዳዳው መውጣት ይጀምራሉ፣ ከዛ ውሃውን በ0.5 ሚሊሜትር ወንፊት አጥልለን የቀረውን ሳህን ላይ። እዚህ ጋ እቃው አንጀት ያርሳል! ከሌንሱ ስር እጅ ከነወረንጦው እንደልብ ይገባል፣ መብራቱም እንደ ድሮው ሃሎጅን አምፖል ሳህኑን አያሞቀውም፣ ትሉ በህይወት እያለ ቀለሙን ታያላችሁ፣ አልኮል ውስጥ ከገባ በኋላ እኮ ቀለሙ ይጠፋል። ከታች ሲበራ ግን መስታወት የመሰሉት ትናንሾቹ አይታዩም፣ እኔ ጥቁር ፕላስቲክ ከስር አንጥፌ ከላይ በማብራት ተገላገልኩ።

አንዷ ጀርባዋ በቅርፊት የተሸፈነ ነበረች፣ በወረንጦ ነካ ባደርጋት ቅርፊቷን ሁሉ አራግፋ እርቃኗን እብስ፣ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ስለቅም አመሸሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መጀመሪያ ማግኒዚየም ክሎራይድ ውስጥ ማደንዘዝ ነበረብኝ። እሳት ትል የሚሉትን ደግሞ የባህር አባ ጨጓሬ በሉት፣ ነጫጭ ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ያለ ጓንት እንዳትሞክሩት።

ያናደደኝ ማስታወቂያው ነው፣ "ዝርያ ለመለየት" ይላል። ኧረ በየት በኩል! ቤተሰቡን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ቡድን፣ ታውቁበት ይሆናል፣ ለዝርያ ግን የጸጉሩን ጫፍ ስላይድ ላይ አድርጎ በሌላ ማይክሮስኮፕ እስከ 400 እጥፍ ማየት ያስፈልጋል፣ አንዳንዴ እሱም አይበቃም። ኤውሪቶዬ ኮምፕላናታ የሚባለው እሳት ትል በየሞቃታማው ባህር ያለ አንድ ዝርያ ነው ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የዲኤንኤ ጥናት ቢያንስ ሦስት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሌንሱን ብቻ አምናችሁ ሁሉንም ዲኤንኤ የሚያበላሸው ፎርማሊን ውስጥ እንዳትከቱት፣ ለዲኤንኤ የሚሆን ቁራጭ አልኮል ውስጥ አስቀሩ።

ሌላው ዝገት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የፎከሱ ብሎን መንቀጫቀጭ ጀመረ፣ ከዛ ጭራሽ አልዞር አለ። ሻጮቹን ብጠይቅ ጨው ዋስትናው ውስጥ አይካተትም አሉኝ፣ ለባህር ስራ ነው ብለው የሸጡልኝ እኮ ራሳቸው ናቸው!

ሦስት ኮከብ፣ ለሌንሱ ስል ግማሽ ልጨምር። የምትገዙት ከሆነ ብሎኖቹን ከመሄዳችሁ በፊት ግሪስ ቀቧቸው፣ ማታ ማታ ደግሞ ጨው በሌለው ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉትና አድርቃችሁ ክደኑት።