ቪትዝ በባሕር ዳር፦ ከክረምት እስከ ክረምት

በትንሽ ገንዘብ የመጀመሪያ መኪናውን ለሚፈልግ፣ ውሎው ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ለሆነ ሰው አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ትበቃዋለች። ቆንጆ ሆና አይደለም። የከተማው መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታት ነው። ክረምትም በጋም ነድቻት የደረስሁበት ይኸው ነው።

የእኔዋ በፈረንጆች አቆጣጠር 2002 ሞዴል ናት። አውቶማቲክ። ሞተሯ «አንድ ሺህ ሲሲ» ይባላል፣ በወረቀት 997 ነው። ይህ የመጀመሪያው ትውልድ ከ1999 እስከ 2005 የተሠራ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብሎ ይሸጥ ነበር። ስትገዙ የሻንሲ ቁጥሩን እዩ። «ኤስሲፒ10» ብሎ ከጀመረ ባለ 1,000 ናት፤ «ኤንሲፒ10» ካለ ባለ 1,300። ሻጩ ያሻውን ቢል ከቁጥሩ አያመልጥም።

ዋጋውን አልጽፍም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያረጀውም ዋጋው አልወርድ ብሏል። (ኤሌክትሪክ ግዢ ያሉኝ ነበሩ። በእኔ አቅም የሚገኝ አልነበረም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ልቤም አልደፈረ።) ይልቅ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ካለኝ ገንዘብ አንድ አምስተኛውን ለይቼ አስቀምጬ ነው መኪና ፍለጋ የወጣሁት። ስም ማዛወሪያው፣ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጡ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑና የመጀመሪያው ጋራዥ ጠራርገው ወሰዱት።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየኝን አልገዛሁም። «እህቴ፣ ሴት የያዘቻት ናት፣ ሞተሯ ያልተነካ» አለኝ። እኔም ሴት ነኝ፤ እንዴት እንደምነዳ ስለማውቅ ብዙም አላጽናናኝም። ቆጣሪው 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፣ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ግን አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ላይ ቆጣሪ አይታመንም። ፔዳሉን፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር እዩ።

ብዙ ገዢ ልብ የማይለው የመሪውን ነገር ነው። ጃፓኖች የሚነዱት በመንገዱ ግራ ነው፤ ስለዚህ ቪትዝ ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር። እኛ ጋ ከደረሱት ብዙዎቹ መሪያቸው ወደ ግራ የዞረ ነው። የፍጥነት ማሳያዋ ዳሽቦርዱ መሀል ላይ ስለሆነ ሥራው ከሌሎቹ ይቀላል ይላሉ። ቀላል ስለሆነ ግን ሁሉም በደንብ ሠርቶታል ማለት አይደለም። እኔ መካኒክ ይዤ ነው የሄድሁት። የእጅ ባትሪ አብርቶ ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ የመሪው ዘንግ የታሰረበትን ብየዳ ፈለገ። «ይች ደህና ተሠርታለች፤ ያችኛዋን ግን እንዳትነኪያት» አለኝ። ያችኛዋ ርካሿ ነበረች።

ደህና የተሠራችውም ብትሆን ቀኝነቷ አይለቃትም። ፍሬቻዋ በቀኝ እጅ ነው፤ እሱ ይለመዳል። የዝናብ መጥረጊያዋ የሚያስበው ለቀኝ ሹፌር ስለሆነ በግራ ጥግ ሳይጠረግ የሚቀር መስታወት አለ። ሐምሌ ላይ የጣና ዝናብ ሲወርድ ያ ጥግ አንድ ብስክሌተኛ ሙሉ በሙሉ ይደብቃል። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት አገር ነው። ከሁሉ የከፋው መብራቷ ነው። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ አጭር መብራት በግራ በኩል ከፍ ብሎ ያበራል፤ እኛ አገር ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ነው። ማታ ማታ ባጃጆች ሲያብለጨልጩብኝ የነበረው ለካ ወደው አይደለም። ለግራ መሪ የተሠራ፣ ከእሷ ሞዴል ጋር የሚገጥም የያሪስ መብራት አስፈልጌ አስቀየርሁ። ካወጣሁት ወጪ ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ወረቀቱን አጠር ላድርገው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንዳለባት አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። «ስሙን ቀስ ብለሽ ታዞሪያለሽ፣ ለጊዜው ውክልና ይበቃል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ በትህትና ተሰናበቱት። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት ከወራሾች ጋር ነው።

ከተማ ውስጥ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድልኛለች፤ ኤሲ ከተከፈተ ወደ 11 ትወርዳለች። ታንከሯ 45 ሊትር ይይዛል። የማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ለቆመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዴ ከሞላሁ ቢሮና ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ያመላልሰኛል። በሃይላንድ የሚሸጠውን የመንገድ ዳር ቤንዚን ግን አላስጠጋትም። ካርቡሬተር የላትም፣ ኢንጀክሽን ናት፤ ውሃ ወይም ላምባ የገባበት ቤንዚን ፓምፗንና ኖዝሏን ይጨርሳቸዋል።

ሜዳ ላይ ጉልበት አይጎድላትም። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስሻገር ማንም አይጠብቀኝም። አራት ሰው ጭና ኤሲ ተከፍቶ የቤዛዊትን ዳገት ስትወጣ ግን ታቃስታለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት የተባለችው እዚህ ከ60 በታች ናት ማለት ነው። ኤሲውን ማጥፋት፣ መስኮት መክፈት፣ በትዕግሥት መውጣት።

ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን፣ የራዲያተሯ ማራገቢያ መዞር አቆመ። መካኒኩ አንድ ስልክ ደወለ፤ ዕቃው በባጃጅ መጣ፤ ከምሳ በፊት ተገጥሞ አለቀ። በዚያው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ ከእኔዋ እጅግ የተሻለ መኪናውን አቁሞ ከአዲስ አበባ ዕቃ ይጠብቅ ነበር። በእግሩ ነበር የሚመጣው።

ሌላው ተራ ጥገና ነው። የኮብልስቶኑ መንገድ የፊት አሞርዛተሮቿን ጨርሷቸው አስቀይሬያለሁ። ሞተሯ የሚሠራው በካቴና ነው፣ በቺንጊያ አይደለም፤ ስለዚህ በየጊዜው ቺንጊያ መቀየር የሚባል ወጪ የለም። ካቴናው ግን ንጹሕ ዘይት ይወዳል። ጠዋት ስትነሣ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካሰማች ዘይቷ ሲዘነጋ ኖሯል ማለት ነው። ዘይት ትንሽ ትበላለች፤ በየሳምንቱ ልኩን አያለሁ።

አሁን የቀረኝ ጎማ ነው። ከጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2317 ካለ በ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ሁለቱ ጎማዎቼ ጥርሳቸው ገና ነው፣ ዕድሜያቸው ግን ሄዷል፤ ጎናቸውም መሰንጠቅ ጀምሯል። ጎሚስታው «ይሄዳሉ» ይለኛል። እኔ ግን ዝናቡ ሳይጠና ሁለቱን እቀይራለሁ፤ ሌሎቹ እስከ ጥቅምት ይጠብቁኝ።