ዱብሮቭኒክ 1950 ወይስ ሄልሲንኪ 1952፦ የቱ የቼዝ ኦሎምፒያድ ይበልጣል?

በጥንካሬ ካየነው መልሱ ሄልሲንኪ ነው፣ ምንም ክርክር የለውም። በ1950 (እ.ኤ.አ.) ዩጎዝላቪያ ውስጥ ዱብሮቭኒክ ላይ 16 የሀገር ቡድን ብቻ ነበር፣ የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶና የሶቪየቱ ስታሊን ተጣልተው ስለነበር ሶቪየትም ጓደኞቿም ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄልሲንኪ ላይ ግን 25 ቡድን፣ ሶቪየትም ለመጀመሪያ ጊዜ መጣችና ወርቁን ወሰደች፣ ያውም የዓለም ሻምፒዮኑን ቦትቪኒክን ሳትይዝ! አንደኛ ቦርድ ላይ (የቡድኑ መሪ ተጫዋች የሚቀመጥበት) ኬሬስ፣ ከኋላው ስሚስሎቭና ብሮንስቴይን፣ እስቲ አስቡት።

እኔ ግን ልቤ ዱብሮቭኒክ ጋ ነው። እዛ ማጣሪያ ምናምን የለም፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫውቶ በ15 ዙር ነው የተለየው፣ ሄልሲንኪ ግን በምድብ ተከፋፍለው ነው ወደ ፋይናል የገቡት። ዩጎዝላቪያም በግሊጎሪች እየተመራች ሀገሯ ላይ ወርቅ በላች።

ደሞ ጠጠሮቹ! ለዛ ውድድር ተብለው የተሠሩት የእንጨት ጠጠሮች እስካሁን ዱብሮቭኒክ ነው የሚባሉት፣ የአሜሪካው የዓለም ሻምፒዮን ፊሸር ራሱ በጣም ይወዳቸው ነበር። የቢሾፑ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ ቀለሟ የተገላቢጦሽ ነው፣ ነጩ ላይ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ፣ በጣም ነው የምታምረው። ንጉሡም አናቱ ላይ መስቀል የለውም።

አርጀንቲና ግን ታሳዝናለች፣ በናይዶርፍ እየተመራች ሁለቱም ላይ ብር።