ድራጎንቦክስ አልጀብራ፦ ሣጥኑን ብቻውን የማስቀረት ጨዋታ

ከማስተምራቸው ልጆች አንዳንዶቹ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው አሥር ጊዜ ቢሸነፉ አሥራ አንደኛውን ይሞክራሉ፤ እኩልታ ሲሠሩ ግን አንዴ ከተሳሳቱ ደብተራቸውን ይከድናሉ። ድራጎንቦክስ አልጀብራ የተባለውን የስልክና የታብሌት ጨዋታ የሞከርኩት ይህ ነገር ስለከነከነኝ ነው።

ጨዋታው የኖርዌይ ሥራ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በ2019 ደግሞ ካሁት የተባለው የትምህርታዊ ጨዋታዎች ኩባንያ ገዝቶታል። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን ከሌሎች ካርዶች ጋር አንድ ሣጥን አለ፤ የተጫዋቹም ሥራ ሣጥኑን በወገኑ ብቻውን ማስቀረት ነው። ብሩህ ካርድ በጨለማ አቻው ላይ ሲደረብ ሁለቱም አረንጓዴ አዙሪት ሆነው በአንድ ንክኪ ይጠፋሉ፤ አንድ ቁጥር ከተቃራኒው ጋር ሲደመር ዜሮ ሆነ ማለት ነው። በአንዱ ወገን ካርድ የጨመረ ልጅ ያንኑ ካርድ በሌላውም ወገን እስኪጨምር ድረስ ጨዋታው አያሳልፈውም። ደረጃዎቹ እየገፉ ሲሄዱ ሥዕሎቹ በፊደልና በቁጥር ይተካሉ፤ ሣጥኑም ኤክስ ይሆናል። በጽሑፍ ላይ እምብዛም ስለማይደገፍ እንግሊዝኛ ያልጠነከረበት ልጅም አይቸገርም።

እኛ መምህራን «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ብለን እናስሸመድዳለን፤ ምንም የሚሻገር ነገር እንደሌለና በሁለቱም ወገን እኩል መደመሩ ወይም መቀነሱ ብቻ እንደሆነ የሚገባው ተማሪ ግን ጥቂት ነው (እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው)። ብዙዎቹ የሒሳብ ጨዋታዎች ጥያቄውን እንደ ኬላ ያቆሙታል፤ ልጁ የሚመልሰው ወደ ጭራቁ ለማለፍ ሲል ነው። እዚህ ግን ጨዋታው ራሱ እኩልታ መፍታት ነው፤ ሙሉውን ኮከብ ለማግኘትም ሣጥኑን ማስቀረት ብቻ ሳይሆን በተወሰነ እርምጃ መጨረስና ትርፍ ካርድ አለማስቀረት ያስፈልጋል።

ድክመቱ የሚመጣው ከዚሁ ጥንካሬው ነው። ጨዋታው ስሕተትን ስለሚከለክል ልጁ ራሱን መቆጣጠር አይለምድም፤ ወረቀት ደግሞ አንዱን ወገን ረስቶ የሚያልፍን ሰው አያስቆምም። ደረጃዎቹን በፍጥነት የጨረሰች የእህቴ ልጅ ተመሳሳይ እኩልታ በደብተር ስሰጣት «ካርዱ የታለ?» ብላ ጠይቃኛለች። ክፍያውም ሌላ እንቅፋት ነው፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለብዙ ወላጅ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ብቻውን ለልጅ እንዲሰጥ አልመክርም። ከእህቴ ልጅ ጋር አሁን የምንጫወተው ደብተር አጠገባችን አስቀምጠን ነው፤ እሷ አንድ ካርድ ባንቀሳቀሰች ቁጥር ያንኑ እርምጃ በቁጥር ትጽፋለች። በዚህ አካሄድ አንዱን ደረጃ ለመጨረስ ቀድሞ ከሚፈጅባት ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ እሷም ታጉረመርማለች፤ ቢሆንም ታብሌቱን ስወስድባት የጀመረችውን እኩልታ በእርሳስ ትጨርሰዋለች።