ፍጥነት ወይስ ስዊንግ? የአይ ፒ ኤል ወርዋሪ ከመግዛትዎ በፊት

በሕንድ ፕሪሚየር ሊግ (አይ ፒ ኤል) የክሪኬት ተጫዋቾች ጨረታ ብዙ ወሬ የሚነሣው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስለሚወረውር ወጣት ነው። በ130 ገደማ ወርውሮ ኳሷን አየር ላይ የሚያጥፍ፣ ማለትም ስዊንግ የሚያደርግ ሰው ያን ያህል አያስጮህም። በስልካቸው ምናባዊ ቡድን የሚያዋቅሩ ወዳጆችም የሚሳቡት በዚያው ቁጥር ነው። እኔ ግን ከኦቨሮቹ (አንድ ኦቨር 6 ውርወራ ነው) መጀመርን እመክራለሁ። አንድ ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ከ4 ኦቨር፣ ማለትም ከ24 ኳስ በላይ አይፈቀድለትም፤ ገዢውም ቡድኑ እነዚያን 24 ኳሶች የሚፈልገው በየትኛው የጨዋታው ክፍል እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ስዊንግ የአዲስ ኳስ ሥራ ነው። ወርዋሪው ስፌቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ይለቃል፤ አየሩ ከተወለወለው ጎን ቶሎ ሲላቀቅ ከሻካራው ጎን ተጣብቆ ይቆያል፣ ኳሷም ወደ ሻካራው ወገን ትታጠፋለች። ሊጉ የሚጠቀምባት ነጭ ኳስ ግን ይህን ጠባይዋን ከጥቂት ኦቨሮች በላይ አትይዝም። ደግነቱ በመጀመሪያዎቹ 6 ኦቨሮች ከውስጠኛው ክበብ ውጭ የሚቆሙት 2 ተከላካዮች ብቻ ስለሆኑ መቺዎች በኃይል ለመምታት ይቸኩላሉ፤ ለታጣፊ ኳስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ቡቭኔሽዋር ኩማር እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. 23 ዊኬት (መቺን ከጨዋታ ማስወጣት)፣ በቀጣዩ ዓመት 26 ዊኬት ወስዶ ሁለቴ በተከታታይ የሊጉ ቀዳሚ ሲሆን ዋና መሣሪያው ይኸው ነበር። ኳሷ ስታረጅ ደግሞ ዮርከር (መቺው እግር ሥር የምታርፍ ኳስ) እና ዘገምተኛ ኳስ ነበረው። እነዚህ የሌሉት የስዊንግ ወርዋሪ ከ6ኛው ኦቨር በኋላ ለአምበሉ ሸክም ይሆናል።

ፍጥነት አዲስ ኳስ አይጠብቅም። መቺው ለመወሰን ግማሽ ሰከንድ እንኳ ስለማያገኝ፣ ስዊንግ በሚጠፋባቸው የመካከል ኦቨሮች ዊኬት ያመጣል። ጣጣው ሁለት ነው። በፈጣን ኳስ ላይ የዱላው ጠርዝ ብቻ ሲነካ እንኳ ኳሷ ወደ ድንበሩ ትበራለች፤ በትንንሽ ሜዳ ደግሞ ይህ ውድ ነው። ሁለተኛው ሰውነት ነው። ማያንክ ያዳቭ በ2024 ከ156 ኪሎ ሜትር በላይ ወርውሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎቹ ኮከብ ተባለ፣ ከዚያ ተጎዳ፤ ቡድኑ ላክናው በ110 ሚሊዮን ሩፒ አስቀረው፣ በ2025 ግን የተሰለፈው በ2 ጨዋታ ብቻ ነው። ኡምራን ማሊክ በ2022 እስከ 157 ደርሶ 22 ዊኬት ወሰደ። ያኔ የ40 ሚሊዮን ሩፒ ተጫዋች ነበር፤ በ2024 መጨረሻ በጅዳው ጨረታ የተሸጠው በ7.5 ሚሊዮን ነው። በርግጥ ጉዳት ፈጣኖችን ብቻ አይመርጥም፤ የስዊንጉ ዲፓክ ቻሃር በ2022 በ140 ሚሊዮን ተገዝቶ ወቅቱን በሙሉ ከሜዳ ውጭ አሳልፏል።

ሁለቱንም የያዘ ሰው አለ፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። በ2023 የዱባይ ጨረታ ኮልካታ ለሚቸል ስታርክ 247.5 ሚሊዮን ሩፒ ከፈለ፤ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች 8 ኦቨር ወርውሮ 100 ራን (ነጥብ) ሰጠ፣ ዊኬት አላገኘም። በፍጻሜው ግን በመጀመሪያው ኦቨር አቢሼክ ሻርማን በታጣፊ ኳስ አሰናብቶ ዋንጫውን ለማምጣት ረዳ። በቀጣዩ ጨረታ ዴልሂ የወሰደው በ117.5 ሚሊዮን ነው፤ ዋንጫ አንሥቶ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ! የጨረታ ዋጋ ብቃትን ይለካል የሚሉኝን ሰዎች ወደዚህ እመራቸዋለሁ።

ስለዚህ መክፈቻ ኦቨሮችዎ ባዶ ከሆኑ ስዊንግ ይግዙ፣ የሜዳዎ አዲስ ኳስ የምትታጠፍ ከሆነ ደግሞ ያለ ማመንታት። ያ ሰው ካለዎት ገንዘቡን ከፍ ባለ ፍጥነት ወይም ከረጅም ቁመት በሚነሣ ከባድ ኳስ ላይ ያውሉ። ቤንጋሉሩ በጅዳ ቡቭኔሽዋርን በ107.5፣ ረጅሙን ጆሽ ሄዝልውድን በ125 ሚሊዮን አጣምሮ ገዝቶ በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ዋንጫውን አንሥቷል። ለፈጣን ወርዋሪ ከመጫረትዎ በፊት ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ጨዋታ እንደተሰለፈና ዘገምተኛ ኳስ እንዳለው ይመልከቱ። ፍጥነት ብቻ ላለው ልጅ እኔ በመነሻ ዋጋው ካልሆነ እጄን አላነሣም።