ኳሷ ነች ያገባችው ወይስ እኔ? የአንዲት ቁጥር 5 ኳስ ግምገማ

መጀመሪያ ነገሩን ልናገርና ልገላገል። በዚህች ኳስ ከቀኝ መስመር፣ ወደ 35 ሜትር ከሚሆን ርቀት ጎል አግብቻለሁ። በበረኛችን አናት ላይ አልፋ፣ ጣቱን ነካ አድርጋ፣ የሩቁን ቋሚ ከውስጥ መትታ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «አይቶ ነው የመታት» ይላል። ግማሹ «ባክህ፣ ሊያሻማ ነበር፣ አመለጠችው» ይላል። እኔ የየትኛው ወገን እንደሆንኩ መገመት አያቅትም። ሦስት ወር ሙሉ ስከራከር ከረምኩ። በመጨረሻ ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ኳሷስ?

ስለዚህ ይሄ የኳስ ግምገማ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ከታች የምለው ሁሉ ደስ የሚያሰኘው አይደለም፣ አንዲት ኳስ ይዞ ፋብሪካ መክሰስ ደግሞ ግፍ ነው። ተዋጥተን የገዛናት፣ መርፌና ክር ያልነካት፣ 8 ቁራጮቿ በሙቀት የተጣበቁ ኳስ ነች። ከዚህ በፊት የምንጫወተው በስፌት በተሠራች፣ ባለ 32 ቁራጭ፣ የድሮዋ ዓይነት ኳስ ነበር። ያቺ አሁንም አለች፤ ቀለሟ ተልጦ ድንች መስላለች እንጂ አልሞተችም።

ከመልኳ ልጀምር፤ ቆንጆ ነች። ገና ከሳጥኑ ስትወጣ ሁላችንም በየተራ ዳበስናት። ለእግር ለስላሳ ነች፣ በደረት ስታበርዳት አትጎዳም፣ በቴስታ ስትመታት ግንባር አታቃጥልም። የመንፊያ መርፌ አብሯት አልመጣም፣ ይሄ ትንሽ ያናድዳል። አየር አያያዟ ደግሞ የባሰ ነው። ቅዳሜ ጢም አድርገህ ትነፋታለህ፣ ማክሰኞ ስትመጣ አውራ ጣትህ ይሰምጥባታል። የፊፋን ከፍተኛውን የጥራት ማኅተም የሚያገኝ ኳስ በ72 ሰዓት ውስጥ ከግፊቱ ከ20 በመቶ በላይ ማጣት የለበትም። የእኛዋ ማኅተም የላትም፣ አለኝም አላለችም፣ ስለዚህ ዋሸች አልልም።

ከዚያ መዘንኳት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። የጨዋታው ሕግ ኳስ ሲጀመር ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ዙሪያዋም ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። ዙሪያዋ 69 ነው፣ ልክ ነች። ክብደቷ ግን 402 ግራም ሆነ። ሚዛኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ውሃ ላይም አንሳፈፍኳት። ሚዛኗን የጠበቀች ኳስ እንዳስቀመጥካት ትቆያለች፤ ይቺ ግን በየትኛውም በኩል ባስቀምጣት እየዞረች ቫልቩ ያለበትን ጎኗን ወደ ታች ታደርጋለች። ቀላል ነች፣ አንድ ጎኗ ደግሞ ይከብዳል። ይህን ለቡድኑ ስነግር በረኛችን ምንም ሳይናገር ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ።

ስለ አበራረሯ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ኳስ ስትሽከረከር አየሩን ወደ አንድ ጎን ይዛ ትገፋለች፣ እሷ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ትታጠፋለች። ይሄ መታጠፍ የሚገመት ነው፣ ልምድ ያለው እግር ያዘዋል። ሳትሽከረከር ስትሄድ ግን የምታዘው አንተ ሳትሆን ስፌቷ ነው፤ አየሩ አንዴ ከዚህ ጎን አንዴ ከዚያ ጎን ስለሚላቀቃት መንገድ ላይ ትወላገዳለች። ስፌቷ ያነሰ፣ ቆዳዋ የለሰለሰ ኳስ ደግሞ ይሄ አመሏ የሚነሳው ሰው በደንብ በሚመታበት ፍጥነት ላይ ነው። እ.አ.አ. የ2010ሩን የዓለም ዋንጫ ያየ ሰው የውድድሩን ኳስ ጃቡላኒን አይረሳትም። እሷም 8 ቁራጭ ነበረች። የናሳ ተመራማሪዎች በሰዓት ከ72 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በጣም እንደምትወላገድ ተናግረው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣችው የዓለም ዋንጫ ኳስ ብራዙካ ቁራጯ 6 ብቻ ነው፣ ግን መገጣጠሚያዋን ረጅምና ጥልቅ ስላደረጉት አደብ ገዛች። ቁም ነገሩ የቁራጩ ቁጥር ብቻ አይደለም ማለት ነው። የእኛዋን መገጣጠሚያ በጥፍሬ ሞከርኩት፣ ጥፍር እንኳ አይዝም።

እና የእኔ ጎል ከየትኛው ወገን ነች?

በዚህ ጉዳይ ሁሉም ሰው የብራዚሉን ሮናልዲንሆን ይጠራል። እ.አ.አ. በ2002፣ ጃፓን ሺዙኦካ፣ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ብራዚልና እንግሊዝ 1 ለ 1 ናቸው። በ50ኛው ደቂቃ ከሩቅ ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ሰው ሁሉ እንዲያሻማት ሲጠብቅ እሱ የመታት ኳስ በእንግሊዙ በረኛ በዴቪድ ሲማን አናት ላይ ተንሳፍፋ ላይኛው ጥግ ገባች። እንግሊዞች ዕድል ነው ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሮናልዲንሆ ራሱ ግን በረኛው መስመሩን ትቶ እንደሚወጣ የቡድን ጓደኛዬ ካፉ ነግሮኝ ነበር ብሏል። የመታሁት ወደ ጎል ነው፣ ያሰብኩት ጥግ ግን ሌላኛው ነበር ብሎም አምኗል። እኔ ይቺን መልስ እወዳታለሁ። ጎሉን አስቦታል፣ ጥጉ ነው የዕድል። (ከሰባት ደቂቃ በኋላ በቀይ ካርድ መውጣቱን ሰው ይረሳዋል።)

የሲማን ነገር ያሳዝናል። ከዚያ ሰባት ዓመት በፊት፣ እ.አ.አ. በ1995፣ ፓሪስ ላይ በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ የስፔኑ ክለብ የሳራጎሳ ተጫዋች ናይም በ120ኛው ደቂቃ ከ40 ሜትር ገደማ አናቱ ላይ አሳልፎበታል። እዚያ ጎል ላይ ግን ዕድል የሚል ሰው ብዙ አልሰማሁም። የሚያሻማበት ሰው የለ፣ ሰዓቱ አልቋል፣ በረኛው ወጣ ብሏል፣ ሰውየው ቀና ብሎ አየና መታ። የብራዚሉ ሮቤርቶ ካርሎስ እ.አ.አ. በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያገባትም እንደዚሁ ነች። ወደ 35 ሜትር ነው፤ ውጭ ሄደች ሲሏት ታጥፋ ተመለሰች፣ በረኛው ባርቴዝ ቆሞ አያት። ኋላ የፈረንሳይ ፊዚክስ ተመራማሪዎች መንገዷን አጥንተው፣ የምትሽከረከር ኳስ በቂ ርቀትና ጉልበት ካገኘች እየጠበበ የሚሄድ ጥምዝ እንደምትሠራ አሳዩ። ተአምር አይደለም ማለት ነው። ግን እሱ ራሱ ከዚያ በኋላ ስንት ቅጣት ምት መታ! ያቺን ራሷን ግን አልደገማትም።

በሌላኛው ጫፍ አስሚር ቤጎቪች አለ። እ.አ.አ. በ2013 የእንግሊዙ ክለብ የስቶክ በረኛ ሆኖ ሳውዝሃምፕተን ላይ በ13ኛው ሰከንድ ኳስ ከክልሉ ለማራቅ ጠለዛት፣ ነፋሱ ይዟት ሄደ፣ ነጥራ በወዲያኛው በረኛ ላይ አለፈች። 91.9 ሜትር ተብሎ በክብረ ወሰን ተመዘገበ። ሰውየው ግን አልጨፈረም፣ ለሌላኛው በረኛ አዘነ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው እኛ ቡድን ውስጥ የለም። እኔ ሸሚዜን አውልቄ ነው የሮጥኩት።

መለኪያ ፈልጌ ያገኘሁት የኮሎኝ የስፖርት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩትን ነው። ከሰባት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የውድድር ዓመታት 7,263 ጎሎችን ወስደው ዕድል ያለበትን ለዩ። የሚያዩት ስድስት ነገር ነው፤ ኳሷ ሰው ነክታ አቅጣጫ ቀይራለች ወይ፣ ተመልሳ የተገኘች ነች ወይ፣ ቋሚ ወይም አግዳሚ ነክታለች ወይ፣ በረኛው ነክቷታል ወይ፣ ከሩቅ ነው ወይ፣ ተከላካይ ሳያስበው አቀብሏል ወይ። አንዱ እንኳ ካለ ዕድል ገብቶበታል ይላሉ። 46 በመቶ ወጣ። ወደ ግማሽ የሚጠጋ! መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ፣ «ታዲያ ሁሉም እንደ እኔ ነው» አልኩ። ከዚያ የራሴን ቆጠርኩ። ሩቅ ነው፣ በረኛው ነክቷታል፣ ቋሚ ነክታለች። ከስድስት ሦስት። ስልኬን ዘጋሁት።

ግን እዚህ ላይ አልተኛሁም። በቀጣዩ ሳምንት ከልምምድ በኋላ ኳሷን እዚያው ቦታ አስቀመጥኩ፣ ያው በረኛ ቆመ (እየተነጫነጨ)፣ አጥቂያችንም የዚያን ቀን የቆመበት ቦታ ቆመ። 30 በአዲሷ፣ 30 በድሮዋ እመታለሁ ተባለ። ችሎታ ማለት ስትፈልግ የምትደግመው ነገር ነው ብዬ ስለማምን ጎል እያሰብኩ ነበር የመታሁት። በአዲሷ ሁለት ገቡ። ሁለቱም ያሰብኩት ጥግ አልሄዱም። አምስቱ በረኛውን አሞኝተው ውጭ ወጡ፣ አንዷ አጥሩን አልፋ ግማሽ ሰዓት አስፈለገችን፣ የቀሩት የትም የትም። በድሮዋ አንድም አልገባም። የሚገርመው ግን በድሮዋ 17ቱ የአጥቂያችን ግንባር ላይ ወይም አጠገቡ ወረዱ። እግሬ ሌላ ሥራ አያውቅም ማለት ነው፤ ጎል እያሰብኩ እንኳ የሚያሻማው እግሬ ነው። ከባዷ ኳስ እግሬን ታዘዘችው፣ ቀላሏ በራሷ መንገድ ሄደች።

ቪዲዮም አለ። ይሄን ሦስት ወር ደብቄዋለሁ። ከሜዳው ዳር የነበረ ልጅ በስልኩ ቀርፆኝ ለእኔ ብቻ ነበር የላከልኝ። ደጋግሜ ሳየው ከመምታቴ በፊት ዓይኔ አንድ ጊዜም ጎሉን አያይም፣ አጥቂያችንን ነው የማየው። ከመታሁ በኋላ ደግሞ ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ቀኝ እጄን ወደ አጥቂያችን አነሳለሁ። ማንም የተጫወተ ሰው ይቺን እጅ ያውቃታል። «ይቅርታ ወንድሜ፣ በዛችብኝ» ማለት ነች። ከዚያ መረቡ ሲነቃነቅ ያው እጅ ወደ ላይ ይቀጥልና ደስታ ይሆናል። አንድም ሰከንድ ሳይባክን።

እንግዲህ ፍርዴ ይሄ ነው። ጎሏ የእኔ አይደለችም። ኳሷን ከመሬት አንስቶ 35 ሜትር ማድረስ የእኔ ሥራ ነው፣ በረኛው ሦስት እርምጃ ወጥቶ መቆሙ የእሱ ጥፋት ነው፣ የቀረውን የሠራችው 402 ግራሟ ኳስ ነች። ለሮናልዲንሆ ግን ይሄን አልለውም፣ እሱ ቢያንስ ጎሉን አይቷል።

ኳሷን ግዙ ወይስ አትግዙ? ለመዝናናት ከሆነ፣ ለልጆች ከሆነ፣ ከሩቅ እየመታችሁ በረኛ ማሰቃየት ካማራችሁ ግዙ፣ ትስቃላችሁ። ማሻማትና ቅጣት ምት ልትለማመዱባት ከሆነ ተዉት፤ ዛሬ የተማራችሁትን ነገ ሌላ ኳስ ላይ አታገኙትም። ከመግዛታችሁ በፊት ብትመዝኗት ደግሞ ይሻላል። በዚያ ላይ በሦስት ወሯ አንዱ ጠርዝ መላቀቅ ጀምሯል፣ ዝናብ ሲሆን በዚያ በኩል ውሃ ትጠጣለች፣ ከዚያ ቀላል መሆኗም ይቀራል። ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል እሰጣታለሁ። ግማሿ ኮከብ ስለ ውለታዋ ነች።

ቪዲዮውን ትናንት ለቡድኑ ላክሁት። አጥቂያችን ያነሳሁትን እጅ ብቻ ቆርጦ የቡድኑ ግሩፕ ፎቶ አድርጎታል። የተላቀቀውን ጠርዝ በሙጫ ደፍነን አሁንም እየተጫወትንባት ነው፣ የሚቀጥለው መዋጮ ሲሰበሰብ ግን ኳስ የሚመርጠው በረኛችን እንዲሆን ተወስኗል። ሚዛን ይዤ ነው የምሄደው ብሏል።