የሰፈራችን የሌሊት ጥበቃ፦ 150 ብር ያወጣል ወይ?

ደሴ ውስጥ ቤት ስትፈልጉ "ሰፈሩ ሰላም ነው?" ብላችሁ ደላላ አትጠይቁ። ደላላ ዘንድ ሰላም ያልሆነ ሰፈር የለም። እኔ የምኖረው ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት ነው፤ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ይቅርብኝ፣ ጥበቃዎቹም ኮሚቴዎቹም ጎረቤቶቼ ናቸው። በየቤቱ በወር 150 ብር ይዋጣል፣ በእሱ ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ይጠብቁናል። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሦስቱም ለሰዎቹ ነው፣ ለአሠራሩ ምንም አልሰጠሁም።

ሰዎቹ በእውነት ይሠራሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቅያሱን ሲሞላው ባትሪ እንኳ ከእግር በላይ አያሳይም፣ እነሱ ግን ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ዱላና ፊሽካ ይዘው ያድራሉ። ትልቁ ጥበቃ የየቤቱን በር በድምፁ ይለዩታል። አንድ ሌሊት የእኛ ቆርቆሮ በር ሳይቀረቀር ቀርቶ ንፋስ ሲያንኳኳው ሰምተው መጡ። ዝም ብለው ገፋ አድርገውት መሄድ ይችሉ ነበር። እስክንነሳ ድረስ ቆመው ጠሩን፣ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰምተው ነው የሄዱት። ባለቤቴ "ይቅርታ ጋሼ፣ አስቸገርንዎት" ብትላቸው፣ "አብሽሪ ልጄ፣ እዚህ ሰፈር በር ረስቶ ያልተኛ ማን አለ" አሏት። ከእነሱ በፊት የውሃ ቆጣሪ እየተነቀለ ይወሰድ ነበር። አሁን ሌሊት የሄደ ቆጣሪ አልሰማሁም።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ገብቶ ሱቅና መጋዘን ሲዘረፍ ያየ ሰው ደግሞ ለጥበቃ አዋጣ ሲባል ብዙ አይከራከርም። ገንዘቡ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ሰዓቱ ላይ ነው። ጥበቃዎቹ የሚወጡት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ የሚገቡት ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል። ማን እንደወሰነው የሚያውቅ የለም፣ ሲጀመር እንዲህ ነበር ይባላል። እስቲ አስቡት፣ በ7 ሰዓት ሌሊት መንገድ ላይ ማን አለ? ውሻ። ቀማኛውም ተኝቷል፣ የሚቀማው ሰው ስለሌለ። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የሚመነተፈው ከ12 ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ሰው ከሥራ ሲገባ፣ ልጅ ሱቅ ሲላክ፣ ተማሪ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያወራ። ባጃጁም ቶሎ ስለሚሰበሰብ ያመሸ ሰው በእግሩ ነው የሚገባው።

ሁለተኛው ክፉ ሰዓት ንጋት ላይ ነው። 11 ሰዓት ሲል ሱብሂ የሚሰግደው ወደ መስጊድ ይወጣል፣ ኪዳን የሚያደርሱት እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ይወጣሉ፣ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች የሚሄድባት መንገደኛም ሻንጣውን እየጎተተ ወደ መነኸሪያ ይጣደፋል። ጨለማው አልገፈፈም። ጥበቃዎቹ ቤታቸው ገብተው ተኝተዋል። ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው ኪሱ ውስጥ ብር እንዳለው ደግሞ ሌባ አይጠፋውም። ጎረቤታችን ቦርሳዋን የተነጠቀችው በዚህ ሰዓት ነው፣ አምፖሉ የተቃጠለው ምሰሶ ሥር። ስትጮህ ሰው ወጥቶላታል፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ልጁ ቁልቁለቱን ይዞ በርሯል።

ስለ ምሰሶው ካነሳሁ፣ ከእኛ በላይ ያለው ቅያስ ጥበቃ ሳይጨምር ተሻሽሏል። ሁለት ቤቶች በራቸው ላይ የራሳቸውን አምፖል ሰቀሉ፣ በቃ። መብራት ወንጀል እንደሚቀንስ በሌላም አገር የተጠና ነገር ነው። ኮሚቴው ከሚሰበስበው ብር ላይ ለአምፖል ቀንሱ ብንል "ገንዘቡ የጥበቃ ነው" ይሉናል። አምፖል ታዲያ ምንድን ነው?

ፊሽካውንም ልናገር። በየሰዓቱ ይነፋል። ባለቤቴ ትወደዋለች፣ ሲነፋ እንቅልፍ ይወስዳታል። ለእኔ ግን ጥበቃው አሁን ከታች በኩል ነው ያለው ብሎ ለሌባ መንገር ነው። ዝም ብለው ቢዞሩ ይሻላል።

ሌላው መዝገብ የለም። "በዚህ ወር ምን ተፈጠረ?" ስትሉ ኮሚቴው "ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል። ስልክ የተቀማው አብዛኛው ሰው ፖሊስ ጋ አይሄድም፣ ግማሽ ቀኔን ከማቃጥል ይቅርብኝ ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ በወረቀት ስታዩት ሰፈሩ ከእውነቱ በላይ ሰላም ይመስላል፣ በወሬ ስትሰሙት ደግሞ ከእውነቱ በላይ ያስፈራል። አንድ ደብተር ተገዝቶ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ቢጻፍ ጥበቃ መቼ እንደሚያስፈልግ ያለ ክርክር ይታወቅ ነበር።

እስከዚያው ራሳችሁን ጠብቁ። ስልካችሁ ላይ *#06# ስትደውሉ የሚመጣውን ረጅም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፣ ስልኩ ከጠፋ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ከተቀማችሁ የማንም ስልክ ተውሳችሁ 994 ደውሉና ሲም ካርዱን አዘጉ፣ ቴሌብር ላይ ያለው ብር እንዳይከተለው። ካርቶን የሌለው ርካሽ ስልክ መንገድ ላይ የምትገዙም ተጠንቀቁ፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል፣ የሰፈራችን ሌባም የሚኖረው በእናንተ ብር ነው።

ሰፈሩ መጥፎ አይደለም። ልጆቼ ቀን ላይ ደጅ ይጫወታሉ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፣ አንድ ሰው ከጮኸ አሥር በር ይከፈታል። 150 ብሩንም እከፍላለሁ። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ተኩል ቢሆን አራተኛውን ኮከብ ዛሬውኑ እጨምር ነበር። ጉዳዩን ለኮሚቴው አቅርበናል፣ ከበዓል በኋላ እንነጋገራለን ብለዋል፤ የትኛው በዓል እንደሆነ አልነገሩንም። አዲስ ገቢ ተከራዮች፣ ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ አይሰጡም።