ከዓመታት በኋላ ወደ ትራክ ሥራ ለሚመለስ፦ ትራክማኒያ፣ አሴቶ ኮርሳ ወይስ ቢምኤንጂ?

ድሮ የመኪና ውድድር ጌም ትራክ ትሠሩ ነበር። ምናልባት በ2006 በወጣው ትራክማኒያ ኔሽንስ ላይ ብሎክ (የተዘጋጀ የመንገድ ቁራጭ) ትደረድሩ ነበር። ምናልባትም አርፋክተር ለሚባለው ጌም በትራክ መሥሪያው ፕሮግራም በቦብስ ትራክ ቢልደር መንገድ ትዘረጉ ነበር። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ኮምፒውተሩም አረጀ። አሁን ግን ነገሩ እንደገና አምሯችኋል። ችግሩ፣ የምታውቁት መሣሪያ ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ መልኩን ቀይሯል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ዋና ምርጫዎች ጎን ለጎን እንያቸው። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እኔ ጌሞቹን በግራፊክስ አልመዝናቸውም። የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው። አንድ ኩርባ ከቀየራችሁ በኋላ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ያንን ኩርባ እስክትሞክሩት ድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ትራክ መሥራት መሥራት፣ መንዳት፣ ማፍረስ፣ ደግሞ መንዳት ነው። ለዓመታት የራቀ ሰው ጥሩ ኩርባ ምን እንደሚመስል አይረሳም። የሚረሳው እጁ ነው። እጅ የሚመለሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ በመሞከር ነው። ሙከራው ረጅም ከሆነ ብዙ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋይሉን ዘግቶ አይከፍተውም።

ትራክማኒያ

የአሁኑ ትራክማኒያ በጁላይ 2020 ወጣ። ሠሪው ያው የፈረንሳዩ ናዴዮ ነው፤ ባለቤቱ ዩቢሶፍት። ትራኩ የሚሠራበትን ስታዲየም ገና ስታዩት ታውቁታላችሁ። መነሻ ታስቀምጣላችሁ፣ ብሎክ ትቀጥላላችሁ፣ ቼክፖይንት (ነጂው የግድ የሚያልፍበት ነጥብ) ትደረድራላችሁ፣ መድረሻ ታቆማላችሁ። ኔሽንስ ላይ የሠራ ሰው በአንድ ምሽት ይለምደዋል።

የተጨመረው ግን ብዙ ነው። ድሮ አንዱን ብሎክ በሌላው ውስጥ ለማሳለፍ የውጭ ፕሮግራም መፈለግ ነበረብን። አሁን ኤዲተሩ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው የትራክ መሥሪያ፣ ራሱ ይፈቅዳል። ብሎኩን ከካሬው አስለቅቆ በተፈለገው አቅጣጫ ማዘንበልም ይቻላል። ከአስፋልቱ ሌላ አፈር፣ በረዶ፣ ሣርና ፕላስቲክ አለ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የ2003ቱ የመጀመሪያው ጌም ዓለሞች ትዝታ ያላቸው መኪኖች፣ የበረዶው፣ የራሊውና የበረሃው፣ ተራ በተራ ገብተዋል። አንድ ትራክ ላይ በአንድ መኪና ጀምሮ በሌላ መጨረስ ይቻላል። ይህ ለትራክ ሠሪ ትልቅ ስጦታ ነው።

በእኔ መለኪያ ከሦስቱ የሚቀድመው ይኼ ነው። ኤዲተሩ ውስጥ እንዳላችሁ መኪናውን የፈለጋችሁት ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ትነዳላችሁ። ሰከንዶች ናቸው። ለማሳተም ስትሉ ደግሞ ራሳችሁ ከመነሻ እስከ መድረሻ ነድታችሁ መጨረስ አለባችሁ። ያስመዘገባችሁት ሰዓት የሠሪው ሜዳሊያ ይሆናል፤ ወርቁ፣ ብሩና ነሐሱ ከዚያ ተሰልተው ይወጣሉ። ይህ ደንብ ድሮም ነበር። እኔ ከልቤ የማከብረው ደንብ ነው፤ ሠሪው ራሱ ያልጨረሰው ትራክ ለሌላ ሰው አይደርስም።

ነጂ ማግኘትም እዚህ ይቀላል። በየቀኑ ከተጫዋቾች ሥራ አንዱ "የቀኑ ትራክ" ሆኖ ይመረጣል። በፓሪስ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፣ ወዲያውም ውድድር ይካሄድበታል። ለአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ማለት ነው። ገና የተመለሰ ሰው ሥራ እዚያ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግን በሩ ለሁሉም ክፍት ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ከፍላችሁ የራሳችሁ የምታደርጉት ጌም አይደለም። ነጻ ክፍል አለው፣ ለመቅመስ ይበቃል፤ ሙሉውን ለመጠቀም ግን በየዓመቱ ይከፈላል። ሁለተኛ፣ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ነው። መስመር በሚቆራረጥበት ቤት ያናድዳል። የድሮ የኔሽንስ ትራኮቻችሁም እንዳሉ አይከፈቱበትም። አማተሮች የሠሩት መቀየሪያ አለ፤ ከተቀየረ በኋላ ግን በእጅ ማስተካከል አይቀርም።

ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ብቻ ያላችሁ ከሆነ ምርጫው እዚህ ያበቃል። ትራክማኒያ ከሜይ 2023 ጀምሮ እዚያም አለ። አሴቶ ኮርሳ ኮንሶል ላይ ቢኖርም የራስ ትራክ አይቀበልም።

አሴቶ ኮርሳ

ይኼኛው ሌላ ዓለም ነው። የጣሊያኑ ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ በዲሴምበር 2014 አወጣው። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስካሁን በሕይወት ያቆዩት አማተሮቹ ናቸው። ኮንቴንት ማኔጀር የሚባለው ማስጀመሪያና ከስተም ሼደርስ ፓች የሚባለው ማሻሻያ ጌሙን አድሰውታል። ሲወጣ ሌሊት አልነበረውም። ዛሬ በመንገድ መብራት የደመቀ የሌሊት ትራክ መሥራት ይቻላል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፦ ጌሙ ውስጥ የትራክ ኤዲተር የለም። ትራኩ የሚሠራው ውጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ በብሌንደር (የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ወይም በሬስ ትራክ ቢልደር። ከዚያ የ3ዲ ቅርጽ በሚይዘው በኤፍቢኤክስ ፋይል ይወጣል። ኩኖስ ራሱ ወዳዘጋጀው ትንሽ ኤዲተር ይገባል። እዚያ ቴክስቸሩ (ቅርጹ ላይ የሚለበጠው ምስል) ይስተካከላል፣ ጌሙ በሚያነበው ፋይል ይቀመጣል። ከዚያ ጌሙ ይከፈታል፣ ትራኩ ይጫናል፣ ትነዳላችሁ። አንዱ ከርብ (የኩርባው ጠርዝ) መኪናውን አስፈንጥሮ ከመንገድ ካወጣው ሂደቱን ሁሉ እንደገና ትጀምራላችሁ። በሰከንድ ሳይሆን በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

ሥራው ሥርዓት ይወዳል። ጌሙ አስፋልቱን ከሣሩ የሚለየው በስም ነው። መኪናው የሚነካው ቁራጭ ሁሉ ስሙ በቁጥር ይጀምርና "ሮድ"፣ "ግራስ" ወይም "ዎል" የሚል ይከተለዋል። ቁጥሩ ከተረሳ መኪናው መሬቱ እንደሌለ ቆጥሮ ወደ ታች ይወድቃል። የመኪኖቹ መነሻ፣ የፒቱ (መኪኖቹ ቆመው የሚጠገኑበት) ቦታ፣ የሰዓት መስመሩ ግራና ቀኝ፣ ሁሉም የተወሰነ ስም የተሰጣቸው ባዶ ነጥቦች ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚነዳቸው መኪኖች የሚከተሉትን መስመር ደግሞ ራሳችሁ ዙር ነድታችሁ ትቀርጹላቸዋላችሁ።

ይህን የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። በምላሹ የሚገኘውን ሌላው ጌም አይሰጥም። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የጌም ስቲሪንግ ያለው ሰው የመንገዱን እያንዳንዱን ጉብታ በእጁ ይሰማዋል። የሚታየው መንገድና ጎማው የሚነካው መንገድ ለየብቻ ሊሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሚታየውን ቀላል አድርጋችሁ የሚነካውን በጣም ደቃቅ ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ የታወቀ መንገድ እንዳለ መሥራት፣ ሰውም "ይኼንን ቦታ አውቀዋለሁ" እንዲል ማድረግ የሚፈልግ ሰው ቦታው እዚህ ነው።

ብሌንደርን የምታውቁት ከ2019 በፊት ከሆነ ተዘጋጁ። በዚያ ዓመት የወጣው 2.8 ገጹን ከላይ እስከ ታች ቀይሮታል። ድሮ ዕቃ የሚመረጠው በቀኝ ክሊክ ነበር፤ አሁን በግራ ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን አዲሱን ልመዱ እላለሁ፣ ምክንያቱም የማስተማሪያ ቪዲዮው ሁሉ በአዲሱ ነው። ብሌንደር ነጻ ነው፤ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው።

ከቦብስ ትራክ ቢልደር ለመጣ ሰው ሬስ ትራክ ቢልደር ይሻለዋል። ሠሪው አንድ ነው፣ አሠራሩም ይመሳሰላል። መንገዱን በመስመር ትስባላችሁ፣ ስፋቱን ትወስናላችሁ፣ መሬቱ ከመንገዱ ጋር ይስተካከላል። ለብቻው የሚገዛ ፕሮግራም መሆኑን ግን አስሉበት። ዝርዝሩን በኋላ በብሌንደር መጨረስ የተለመደ ነው። የድሮ የአርፋክተር ሥራ ካላችሁ ደግሞ ስሪዲ ሲምኤድ የሚባለው መቀየሪያ ከፍቶ በኤፍቢኤክስ ያወጣላችኋል። የራሳችሁን ሥራ ብቻ! የሌላውን ሰው ትራክ ሳያስፈቅዱ ቀይሮ ማውጣት ይህንን ማኅበረሰብ ሲያጣላ የኖረ ጉዳይ ነው።

"አዲሱን አሴቶ ኮርሳ ኢቮ ብገዛስ?" ለሚል፦ በጃንዋሪ 2025 ሳይጠናቀቅ ለሽያጭ ሲቀርብ የትራክ መሥሪያ አልነበረውም። ለመንዳት ከሆነ መልካም። ለመሥራት ግን ዛሬም የ2014ቱን ነው የምመክረው።

ቢምኤንጂ ድራይቭ

የጀርመኑ ቢምኤንጂ የሚታወቀው በግጭቱ ነው። መኪናው ሲጋጭ በእውነት ይጨማደዳል። ብዙ ሰው የሚገዛውም ለዚያ ነው። ለእኛ ግን የሚበልጠው ሌላ ነገር አለው። ኤፍ11ን ስትጫኑ የዓለም ኤዲተሩ ይከፈታል። መሬቱን ታነሳላችሁ፣ መንገዱን ትስባላችሁ፣ ኤዲተሩን ዘግታችሁ እዚያው ትነዳላችሁ። ፍጥነቱ ትራክማኒያን ይጠጋል፤ የመኪናው አነዳድ ደግሞ ወደ አሴቶ ኮርሳ ያደላል። ኮምፒውተሩ የሚነዳቸው መኪኖችም የሳባችሁትን መንገድ ራሳቸው አንብበው ይከተላሉ፤ መስመር መቅረጽ አያስፈልግም።

የመሬቱ ከፍታ የሚገባው በጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ነጩ ከፍታ፣ ጥቁሩ ዝቅታ ነው። የምስሉ ጎን 1024፣ 2048 ወይም 4096 ነጥብ ይሆናል። ይህ ለእኛ አገር ሰው አንድ ጥሩ ነገርና አንድ ፈተና አለው። ብዙ ሰው የዓባይን በረሃ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ፣ ጌም ውስጥ ማየት ይመኛል። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የራሊ መንገድ የት ይገኛል? የከፍታው መረጃም በነጻ አለ። የናሳው የጠፈር መንኮራኩር በ2000 የለካው የዓለም ከፍታ ኢትዮጵያንም ይሸፍናል።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ያ መረጃ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያለው። መንገዱ ከዚያ በጣም ይጠባል። ስለዚህ ገደል ተቆርጦ የተሠራው መንገድ በመረጃው ውስጥ አይታይም፤ ተራራው ብቻ ነው የሚታየው። መንገዱን ከሳተላይት ምስል ላይ በእጅ ስባችሁ መሬቱን ወደ መንገዱ ማስተካከል አለባችሁ። ስፋቱም አለ። አንድ ነጥብ አንድ ሜትር ከሆነ 4096 ነጥብ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ይሸፍናል። በረሃው ሙሉ አይገባም። የእኔ ምክር፦ አንዱን ጥሩ የጠመዝማዛ ክፍል መርጣችሁ በደንብ ሥሩት።

ጉድለቱን ልናገር። ቢምኤንጂ ከባድ ነው። 16 ጊጋባይት ራም ከሌለ አልመክረውም፤ ደህና ግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል። በዓመት ብዙ ጊዜ ስለሚታደስ የቆየ ትራክ ሊበላሽ ይችላል፤ ሥራችሁን እየተከታተላችሁ መጠገን ይኖርባችኋል። በኢንተርኔት አብሮ መወዳደርም ከጌሙ ጋር አይመጣም፤ አማተሮች የሠሩትን መጫን ያስፈልጋል።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

እጃችሁ እንዲመለስ ከፈለጋችሁ፣ ሌሎች እንዲነዱላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ትራክማኒያ። ስቲሪንግ ካላችሁና ትዕግሥት ካላችሁ፣ አንድ ትራክ ወራት ቢወስድ የማይከፋችሁ ከሆነ፣ አሴቶ ኮርሳ። እውነተኛ መልክዓ ምድር፣ አፈርና ተራራ የሚያምራችሁ፣ ኮምፒውተራችሁም ጉልበት ያለው ከሆነ ቢምኤንጂ። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለተመላሽ ቢምኤንጂን እመርጣለሁ። ሙከራው ፈጣን ነው፣ የምትማሩት ደግሞ ወደ ትልቅ ሥራ ያደርሳል። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም።

ለደካማ ላፕቶፕና ምንም መክፈል ለማይፈልግ፣ የ2008ቱ ትራክማኒያ ኔሽንስ ፎረቨር አሁንም ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ በነጻ አለ። ሙሉ ኤዲተር አለው፣ ማሽን አይጠይቅም። ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጭናችሁ አንድ ትራክ ሥሩ። ፍላጎቱ የእውነት መሆኑን እዚያ ታውቁታላችሁ።

አከፋፈሉ

አሴቶ ኮርሳ መደበኛ ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ ቅናሽ በየጊዜው ስለሚደረግበት በሙሉ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም። ቢምኤንጂ 25 ዶላር አካባቢ ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመዱን ነው የሚጠይቀው። ስቲም ጌም ለጓደኛ በስጦታ መላክ ይፈቅዳል። የሁለቱ አገር ዋጋ በጣም ከተራራቀ ግን ስጦታውን ሊከለክል ይችላል። ዘመዳችሁ ከመክፈሉ በፊት ዋጋውን አስተያዩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ስቲም ገንዘብ የሚመልሰው ጌሙ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጠቀማችሁበት ነው። ጌሙ ውስጥ ሆናችሁ ኤዲተር ላይ የምታጠፉት ጊዜም ይቆጠራል። ትራክ ሠሪ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሳያውቀው ነው የሚያልፍበት። ስለዚህ ቢምኤንጂን እንደገዛችሁ መጀመሪያ ትልቁን ካርታ ክፈቱ፣ ኤፍ11ን ተጫኑ፣ አንድ መንገድ ሳቡ፣ ንዱበት። ኮምፒውተሩ ከተንተባተበ ሰዓቱ ሳያልፍ መልሱት።